ግሪምስፓውንድ፦ በዳርትሙር ደጋ የቀረው የጥንት አርሶ አደሮች መንደር

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ዴቨን በተባለው አውራጃ፣ ዳርትሙር የሚባል ሰፊና ነፋሻማ ደጋ አለ። በዚህ ደጋ ላይ በሁለት ኮረብታዎች መካከል፣ በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ የተከበበ የጥንት መንደር ፍርስራሽ ይገኛል፤ ስሙ ግሪምስፓውንድ ነው። በካቡ ውስጥ የ24 ክብ ጎጆዎች መሠረት ይታያል። ሰዎች የኖሩበት በነሐስ ዘመን፣ ከዛሬ ከ3,000 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

መንደሩን የሠሩት ከብት አርቢዎችና አርሶ አደሮች ነበሩ። ዛሬ ግን በዙሪያው የሚታረስ ማሳ የለም፤ የሚታየው ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ውሃ የቋጠረ ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ስለዚህ የግሪምስፓውንድ ታሪክ የጎጆዎቹ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ደጋ እንዴት እንደለማ፣ እንዴት እንደደከመና የለቀቁት ሰዎች አሻራ በምን ምክንያት እስከ ዛሬ እንደቆየ የሚያስረዳ የመሬት ታሪክም ነው።

የስፍራው አቀማመጥ

ዳርትሙር 954 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይተዳደራል። የሥሩ ዐለት ግራናይት ነው። ከፍተኛው ጫፍ ሃይ ዊልሄይስ ይባላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 621 ሜትር ይደርሳል። ግሪምስፓውንድ የሚገኘው ደግሞ በ450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሃሜልዳውን እና በሁክኒ ቶር ኮረብታዎች መካከል ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው።

ይህ ከፍታ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደጋ ሊመስል አይችልም፤ በኢትዮጵያ 450 ሜትር ማለት ሞቃት ቆላ ነውና። ሆኖም የአየር ንብረትን የሚወስነው ከፍታ ብቻ አይደለም። ዳርትሙር ከምድር ወገብ እጅግ የራቀና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ በቀጥታ የሚመታው ስፍራ ነው። በደጋው መካከል በምትገኘው ፕሪንስታውን ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ክረምቱ ረጅም፣ ጭጋጉም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ሰብል የሚበስልበት ጊዜ አጭር ሲሆን፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሽቅብ መውጣት ማሳን ወደ ግጦሽ መሬት ይለውጠዋል።

ደጋውን የሚሸፍነው ቁጥቋጦ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው አስታ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ልዩነቱ ቁመቱ ነው፤ የዳርትሙሩ ከሰው ጉልበት እምብዛም አያልፍም። በቁጥቋጦው መካከል በጎች፣ ከብቶችና የአካባቢው ዝርያ የሆኑ ትናንሽ ፈረሶች ይግጣሉ።

ካቡና ጎጆዎቹ

ግሪምስፓውንድን የከበበው ካብ 1.6 ሄክታር ገደማ መሬት ያካልላል። ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት 150 ሜትር ያህል ነው። የካቡ ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ ከሁለት ሜትር በላይ ይደርሳል። ዋናው በር በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሲሆን፣ ሽቅብ ወደ ሃሜልዳውን ኮረብታ ያያል። መግቢያው ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። በሰሜን በኩል ግሪምስ ሌክ የሚባል ትንሽ ጅረት በቅጥሩ ጥግ ያልፋል፤ የመንደሩ ሰውና ከብት ውሃ የሚቀዱትና የሚጠጡት ከዚሁ ጅረት ሳይሆን አይቀርም።

ካቡ ለጦርነት የተሠራ ምሽግ እንዳልሆነ ከአቀማመጡ ይታወቃል። በሁለት ወገን ያሉት ኮረብታዎች መንደሩን ቁልቁል ስለሚያዩት፣ ጠላት ከላይ ሆኖ ድንጋይ ቢወረውር የሚከላከልለት ነገር የለም። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ካቡ ከብቶችን ለማሳደርና ከአውሬ ለመጠበቅ የታሰበ እንደነበር ይገምታሉ። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ተኩላ ነበረ። በምዕራቡ በኩል ከካቡ ጋር ተያይዘው የተሠሩ ትናንሽ ክልሎችም የከብት ጋጥ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጎጆዎቹ የተሠሩት በሁለት ረድፍ የግራናይት ድንጋይ ሲሆን፣ በረድፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጠጠርና በትናንሽ ድንጋዮች ተሞልቷል። ጭቃም ሆነ ኖራ አልገባበትም። ይህ አሠራር እርከን ወይም የግቢ አጥር በደረቅ ድንጋይ ለሚክብ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ግድግዳው አጭር ስለነበር ጣራው ከእንጨት ወጋግራ ተሠርቶ፣ ሾጣጣ ሆኖ፣ በሣር ወይም በሌላ ከአካባቢው በተገኘ ተክል የተከደነ እንደነበር ይታመናል። እንጨቱና ክዳኑ ከበሰበሱ ዘመናት አልፈዋል፤ የቀረው ድንጋዩ ነው።

ባለሙያዎች ሦስተኛ ብለው የቆጠሩት ጎጆ ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ ይታያል። በሩ ከነፋስ የሚከልል አጭር መተላለፊያ አለው። ሁለቱ የመቃን ድንጋዮች ዛሬም ቆመዋል፤ ጉበኑ ግን ወድቋል። በአንዳንዶቹ ጎጆዎች ውስጥ ከወለሉ ከፍ ብሎ በድንጋይ የተሠራ መደብ ይገኛል። መደቡ ለመቀመጫና ለመኝታ ያገለግል እንደነበር ይገመታል። በወለሉም ላይ ምድጃ ተገኝቷል። ምድጃ ያልተገኘባቸው ጎጆዎች ደግሞ የእህልና የዕቃ ማስቀመጫ ወይም የእንስሳት ማደሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሙና ቁፋሮው

ግሪምስፓውንድ የሚለው ስም ነዋሪዎቹ የሰጡት አይደለም፤ እነርሱ ቦታውን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር የሚያስረዳ ጽሑፍ የለም። ስሙ በጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1797 ሪቻርድ ፖልዊል በተባሉ ካህን ነው። «ግሪም» የሚለው ቃል የጥንት አንግሎ ሳክሶኖች ለጦርነት አምላካቸው ከሰጡት ስም እንደመጣ ይገመታል፤ «ፓውንድ» ደግሞ የከብት ማጎሪያ ቅጥር ማለት ነው። ዘመናት ካለፉ በኋላ የመጡ ሰዎች የድንጋዩን ሥራ ከሰው አቅም በላይ አድርገው በመቁጠራቸው በአምላካቸው ስም እንደሰየሙት ይታሰባል።

በዚያ ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎች ስለ ቦታው የተለያየ ግምት ሰጥተዋል። አንዳንዶቹ የጥንት የጣዖት ካህናት መቅደስ ነው አሉ፤ ሌሎች የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ሰፈር አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1829 የቦታው የመጀመሪያ ካርታ ተነሣ። የመኖሪያ መንደር መሆኑን በማስረጃ ያረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1894 እና በ1895 የተካሄደው ቁፋሮ ነው። ሥራውን የመራው የዳርትሙር ጥናት ኮሚቴ ሲሆን፣ ካህኑና ደራሲው ሳቢን ቤሪንግ ጉልድ እና ሮበርት በርናርድ ከአባላቱ መካከል ነበሩ።

ቆፋሪዎቹ በጎጆዎቹ ወለል ላይ ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ቆዳ ለመፋቅ የሚያገለግሉ የባልጩት መሣሪያዎችና በእሳት የተሰነጣጠቁ ድንጋዮች አገኙ። እነዚህ ድንጋዮች የማብሰያ ዘዴውን ያመለክታሉ። በእሳት የጋለው ድንጋይ ውሃ ወዳለበት ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፤ ውሃውም እሳት ሳይነካው ይፈላል። በቀጥታ እሳት ላይ ሲጣድ ሊሰነጠቅ የሚችል ሸክላ ላለው ቤተሰብ ይህ ብልሃት ጠቃሚ ነበር።

አጥንት ግን አልተገኘም። የዳርትሙር አፈር አሲዳማ በመሆኑ አጥንትን፣ ቆዳንና ጨርቅን በልቶ ይጨርሳል። በዚህ የተነሳ የመንደሩ ሰዎች ምን ያህል በግ፣ ምን ያህል ላም እንደነበራቸው ከጎጆው ወለል ማወቅ አልተቻለም።

የኮሚቴው ሥራ ወቀሳም አስከትሏል። ቆፋሪዎቹ የወደቁ ድንጋዮችን እያነሱ የካቡንና የጎጆዎቹን ክፍል መልሰው ገነቡ፤ ይህም በጊዜው አከራካሪ ሆነ። ድንጋይ አንድ ጊዜ ከወደቀበት ከተነሳ፣ ቀድሞ እንዴት እንደነበረ የሚመሰክረው አወዳደቁ አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ቦታውን የሚያጠኑ ባለሙያዎች የትኛው ካብ የጥንት፣ የትኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እንደሆነ መለየት ይጠበቅባቸዋል።

ደጋውን የከፋፈሉት ወሰኖች

ግሪምስፓውንድ ብቻውን የቆመ መንደር አልነበረም። በዳርትሙር ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጥንት ክብ ጎጆዎች መሠረት ይታወቃል። ከጎጆዎቹ የሚበልጠው ምስክር ግን በሣርና በቁጥቋጦ ሥር የተጋደሙት ረጃጅም የድንጋይ ወሰኖች ናቸው። የአካባቢው ሰዎች «ሪቭ» ይሏቸዋል።

ወሰኖቹን ለብዙ ጊዜ ሰው ትኩረት አልሰጣቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አንድሩ ፍሌሚንግ የተባሉ የአርኪዮሎጂ ምሁር በእግራቸው እየተከተሉ አጠኗቸው። የጥናታቸው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ ወሰኖቹ የነሐስ ዘመን የማሳ ድንበሮች ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1700 እስከ 1500 ባለው ጊዜ ገደማ ነው። በጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ኮረብታ ሳያቆማቸው ሸለቆ ሳያጥፋቸው፣ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣሉ። በመካከላቸው ያሉት አጫጭር ካቦች ደግሞ መሬቱን ወደ ማሳነት ይከፋፍሉታል።

እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ የሚሠራው አይደለም። ወሰኑ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ የተስማማ ማኅበረሰብ ያስፈልገዋል። ፍሌሚንግ እንዳስረዱት፣ ዝቅ ያለው መሬት ለማሳና ለታጠረ ግጦሽ ሲከፋፈል ከፍተኛው የደጋ ክፍል ሳይከፈል ለወል ግጦሽ ቀርቷል። የነሐስ ዘመን ገበሬ የግል ማሳና የወል ግጦሽን ለይቶ ያውቅ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በደጋው ደቡብ ምዕራብ፣ ሾ ሙር በተባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980 ሌላ ትልቅ ቁፋሮ ተካሂዷል። ለቁፋሮው ምክንያት የሆነው ለሸክላ ፋብሪካ የሚያገለግለው ነጭ አፈር የሚወጣበት ሥራ ስፍራውን ሊሸፍነው መቃረቡ ነበር። በዚያ ከአንድ ወሰን ጋር በነበረ ቦይ ውስጥ የእንስሳት ኮቴ ዱካ ሳይጠፋ ተገኘ፤ ከመካከሉም የከብትና የበግ ይገኝበታል። አሲዳማው አፈር አጥንታቸውን ቢያጠፋም የረገጡት ጭቃ ዱካቸውን ጠብቆ አቆይቷል።

ጥቁሩ አፈር ያቆየው መቃብር

በዳርትሙር ከፍተኛ ክፍል «ፒት» የሚባል ጥቁር አፈር አለ። ይህ አፈር የሚፈጠረው ዕፅዋት ውሃ በቋጠረ መሬት ላይ ሞተው፣ አየር ስለማያገኙ ሳይበሰብሱ ሲከማቹ ነው። ሌላው አፈር የሚያጠፋውን እርሱ አንዳንድ ጊዜ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በዋይትሆርስ ሂል፣ በ600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዚህ አፈር ውስጥ የነበረ የድንጋይ ሣጥን መቃብር ተቆፍሮ ተጠና። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1730 እስከ 1600 ባለው ጊዜ ይገመታል። በውስጡ የአንድ ወጣት የተቃጠለ አጥንት በድብ ቆዳ ተጠቅልሎ ተገኘ። አብረውት ከተቀበሩት ዕቃዎች መካከል ከዛፍ ልጥ የተሠራ ሙዳይ፣ ከላም ጭራ ፀጉር ተጎንጉኖ በቆርቆሮ ጉጦች ያጌጠ አምባር፣ ከሳማ ጭረትና ከጥጃ ቆዳ የተሠራ መቀነት መሰል ጨርቅ እንዲሁም ከ200 በላይ ዶቃዎች ይገኙበታል።

ከዶቃዎቹ አንዳንዶቹ ከአምበር የተሠሩ ናቸው። አምበር ከጥንት ዛፍ የፈሰሰና የጠጠረ ሙጫ ሲሆን፣ በብዛት የሚገኘው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ነው። ከግሪምስፓውንድ በላይ ባለው የሃሜልዳውን ኮረብታ ላይ ካለ የመቃብር ጉብታም እ.ኤ.አ. በ1872 በወርቅ ነጥቦች ያጌጠ የአምበር የጩቤ እጀታ ጫፍ ወጥቶ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፕሊመዝ ከተማ በቦምብ ስትደበደብ ጠፍቷል። የደጋው ሰዎች ከሩቅ አገር ጋር ይለዋወጡ እንደነበር እነዚህ ዕቃዎች ያመለክታሉ። ዛሬ ባድማ የሚመስለው ደጋ በዚያ ዘመን ሀብትና ክብር ያላቸው ሰዎች የሚቀበሩበት ምድር ነበር።

መንደሩ ለምን ተለቀቀ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1000 በሚጠጋው ዘመን ገደማ የዳርትሙር ከፍተኛ ክፍል ሰው እየራቀው ሄደ። ምሁራን ለዚህ ሁለት ዋና ምክንያቶችን ያቀርባሉ፤ የአየር ንብረት መለወጥና የአፈር መድከም። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው።

የነሐስ ዘመን ማብቂያ ሲቃረብ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ዝናቡም እየበዛ መጣ። ሙቀት ጥቂት ሲቀንስ በቆላ ያለ ገበሬ ላያስተውለው ይችላል፤ በሰብል ድንበር ላይ ያለ ደገኛ ግን ወዲያውኑ ይጎዳል። እህሉ ሳይበስል ቅዝቃዜ ይደርስበታል፤ ድርቆሹም በዝናብ ይበሰብሳል።

አፈሩ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር። ከእርሻ በፊት የዳርትሙር ሰፊ ክፍል በዛፍ የተሸፈነ ነበር። ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ከጥልቅ አፈር ማዕድን ይስባል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ያን ማዕድን ወደ ላይኛው አፈር ይመልሳል። ከአፈሩም ብዙ ውሃ ይጠጣል። ለማሳና ለግጦሽ ሲባል ዛፉ በእሳትና በመጥረቢያ ሲመነጠር ይህ ዑደት ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ እንደ ካልሲየም ያሉትን ለም ንጥረ ነገሮች ከላይኛው አፈር እያጠበ ወደ ታች ወሰዳቸው። ግራናይት በተፈጥሮው በእነዚህ ንጥረ ነገሮች ድሃ ስለሆነ የጠፋውን የሚተካ አልነበረም። አፈሩ አሲዳማ ሆነ። ታጥቦ የወረደው ብረት በታችኛው አፈር ተከማችቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስስ ንጣፍ ሠራ። ውሃም ይህን ንጣፍ ማለፍ ስላቃተው ከላይ ተቋጠረ። ውሃ በቋጠረው መሬት ላይ ጥቁሩ አፈር እየወፈረ ሄደ። ቀድሞ ሣር የነበረው መሬት በቁጥቋጦ ተዋጠ።

ይህ ሂደት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚታይ አልነበረም። ልጅ ከአባቱ የተረከበው ማሳ ጥቂት ያነሰ ምርት ይሰጠዋል፤ እርሱም ለልጁ ከዚያ ያነሰውን ያወርሳል። አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም በዴቨን የተለመደው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የግሪምስፓውንድ ሰዎች ምርጫቸው መውረድ ብቻ ነበር። በመንደሩ ላይ የጦርነት ወይም የቃጠሎ ውድመት የሚያመለክት ምልክት የለም።

በሃውንድ ቶር የተደገመው ታሪክ

ከግሪምስፓውንድ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ሃውንድ ቶር ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ከነሐስ ዘመን ወደ 2,000 ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አየሩ ሲሞቅና የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር፣ ገበሬዎች እንደገና ወደ ደጋው ወጡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩባቸውን ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች ሠሩ።

በዚህ መንደር ከተገኙት መካከል እህል በእሳት ሙቀት የሚደርቅባቸው ምድጃዎች ይጠቀሳሉ። እህሉ በማሳ ላይ ሆኖ በፀሐይ መድረቅ ሲያቅተው በቤት ውስጥ ማድረቅ ግድ ሆኖባቸዋል። ወረርሽኙ ጥቁር ሞት እ.ኤ.አ. በ1348 እንግሊዝ ሲገባና ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ በቆላው ባዶ የቀረ ለም መሬት ተገኘ። እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሃውንድ ቶርም ተለቀቀ።

ፍርስራሹን ያቆየው ምንድን ነው?

በእንግሊዝ ቆላማ ክፍልም የነሐስ ዘመን ሰዎች ብዙ ክብ ጎጆዎችን ሠርተው ነበር። ከእነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ ዛሬ ከመሬት በላይ አይታዩም። ማረሻ ለዘመናት ስለተመላለሰባቸው የቀሩት ከአውሮፕላን በሚነሣ ፎቶግራፍ ላይ በሰብሉ ቀለም ልዩነት ብቻ የሚለዩ ክብ ጥላዎች ናቸው። ግሪምስፓውንድ የተረፈው መሬቱ ለእርሻ የማይመች በመሆኑ ነው። ነዋሪዎቹን ያስወጣው የአፈር ድካም ጎጆዎቻቸውን ከማረሻ ጠበቀላቸው።

ከድንጋይ ወሳጆች ግን ሁሉም አልዳኑም። ለአጥር፣ ለበር ምሰሶና ለመንገድ ሲባል ከብዙ የጥንት ካቦች ድንጋይ ተነሥቷል። ግሪምስፓውንድ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሲሆን፣ በብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ይጠበቃል። በብሪታንያ የመጀመሪያው የጥንት ቅርሶች ጥበቃ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ አሁን የሚሠራበት የ1979ኙ ሕግ ያለፈቃድ በእንዲህ ያለ ቦታ መቆፈርን፣ ድንጋይ ማንሣትንና መገንባትን ይከለክላል።

በአሁኑ ጊዜ ፍርስራሾቹን የሚያሰጋቸው ከእርሻ ይልቅ የግጦሽ ሚዛን መዛባት ነው። ደጋው ዛሬም በአብዛኛው የወል ግጦሽ ሲሆን፣ የመጋጥ መብት ያላቸው ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ በተቋቋመ ምክር ቤት ይተዳደራሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድጎማ በከብት ብዛት ይሰጥ ስለነበር የበጎች ቁጥር እጅግ ጨመረ፤ ተክሉም ተጎዳ። በኋላ ቁጥሩ እንዲቀነስ ተደረገ። በዚህ ጊዜ ሌላ ችግር መጣ፤ ሞሊኒያ የተባለ ጠንካራ ሣር ሰፊ ቦታ ሸፍኖ ሌሎች ዕፅዋትንም፣ የጥንት ካቦችንም ዋጠ። በጎች ይህን ሣር እምብዛም አይፈልጉትም፤ ከብቶችና የደጋው ፈረሶች ግን በለጋነቱ ይግጡታል፣ ይረግጡታልም።

ክርክሩ እየጠነከረ በመምጣቱ መንግሥት በዴቪድ ፈርስደን የሚመራ ገለልተኛ የጥናት ቡድን አቋቁሞ፣ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ወጣ። ውዝግቡ በገበሬዎች ኑሮና በተፈጥሮ ጥበቃ መካከል ቢሆንም የቅርሶቹም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ካቦቹ እንዲታዩ ከብት ያስፈልጋል፤ አፈሩ እንዳይታጠብ ደግሞ የከብቱ ቁጥር መመጠን አለበት። የወል ግጦሽ ባለበት ሁሉ የሚነሣው የስንት ከብት፣ የየትኛው ወቅትና የየትኛው እንስሳ ጥያቄ በዳርትሙርም አልተዘጋም።

የኢትዮጵያ ደጋና የጥንት አሻራዎቹ

ከፍተኛ ደጋ ሰው ያልኖረበት ባዶ ምድር ነው የሚለው ግምት በኢትዮጵያም በማስረጃ ተሽሯል። በባሌ ተራሮች፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዐለት ጥግ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። እነዚያ ሰዎች እንደ ግሪምስፓውንድ ነዋሪዎች ጎጆ የሠሩ ገበሬዎች አልነበሩም፤ አዳኞች ነበሩ። በዚያ ደጋ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል እያደኑ ይመገቡ፣ ከዚያም ከፍ ካለ ስፍራ የሚገኘውን ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩበት ነበር።

የአፈር አሲዳማነትም በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍሎች ምርት የሚቀንስ ችግር ነው። የዛሬው ገበሬ ከግሪምስፓውንድ ሰው የሚለየው አፈሩን የማስመርመር፣ ኖራ የመጨመርና በእርከን ከመታጠብ የመከላከል ዕድል ስላለው ነው።

በማሳ፣ በእርከን ሥራ ወይም በቤት መሠረት ቁፋሮ ወቅት ያልተለመደ የድንጋይ አደራደር፣ የሸክላ ስባሪ፣ የባልጩት መሣሪያ ወይም መቃብር ሊያጋጥም ይችላል። በኢትዮጵያ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ያገኘውን ሳይለወጥ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ስለዚህ ሥራውን በዚያ ስፍራ ማቆም፣ ድንጋዩን ከቦታው አለማንሣት፣ ዕቃውን አለማጠብና አለመሸጥ ይገባል። ከዚያም ለቀበሌው አስተዳደር ወይም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማመልከት፣ በእነርሱም በኩል ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። በግሪምስፓውንድ እንደታየው፣ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ተመልሶ ቢካብ እንኳ ቀድሞ የያዘውን ማስረጃ መልሶ አይሰጥም።